አራስ የተባለው ወረፋ

ሲፈን ጥያቄዋን ያነሣችው ርክክቡን ልንጨርስ ስንል ነው። እኔ ጡረታ ልወጣ፣ እሷ ቦታዬን ልትይዝ፣ ሰበታ ባለው የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሰርቨር ክፍል ጎን ለጎን ተቀምጠናል። በስክሪኑ ላይ የፕሪንተሮቹን ስም አንድ በአንድ እየጠራሁ ሳስረክባት ጣቷን አንዱ ላይ አሳረፈች።

«አዴ ጌጤ፣ ይሄ ደግሞ ምንድነው? ‹አራስ› የሚባል ፕሪንተር አለ እንዴ?»

«ፕሪንተር አይደለም። ወረፋ ነው።»

«ባዶ ነው እኮ፤ ከሰሞኑ ማንም አልላከበትም። ልሰርዘው?»

«ተይው።»

«ለምን?»

ለምን እንደሆነ በአፍ ማስረዳት አቃተኝ። ማውራት የሚቀናኝ ሰው አይደለሁም፤ መጻፍ ነው የሚቀለኝ። ስለዚህ ይኸው ቤቴ ገብቼ እጽፈዋለሁ።

የተወለድኩት በመናገሻ በኩል ካለ የገበሬ ቤት ነው። ቤታችን ውስጥ ኦሮምኛና አማርኛ እንደ ሁለት በር ነበሩ፤ በቀረበን እንገባ ነበር። ትምህርት ቤት የገባሁት ግን ዘግይቼ ነው። እኩዮቼ የልጆቻቸውን ደብተር ሲለብዱ እኔ የራሴን እለብድ ነበር። ዘግይቶ የተማረ ሰው አንድ ጠባይ አለው፤ መዝለል አይሆንለትም። መጽሐፍ ስጀምር ከሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ጀምሬ ነው የማነበው፤ የፕሪንተር መመሪያም ቢሆን። በታይፒስትነት ተቀጥሬ፣ በማታ ትምህርት ኮምፒውተር ተምሬ፣ ዲፕሎማዬን ስይዝ ፀጉሬ ሽበት ጀማምሮት ነበር። ደሞዙ አንድ እርከን ከፍ አለ፤ ስለ ደሞዝ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ድርጅታችን በሦስት ከተማ ሥራ ነበረው፤ ቡራዩ የዱቄት ፋብሪካ፣ ሱሉልታ የውሃ ማሸጊያ፣ ሰበታ ደግሞ ይኸው ልብስ ስፌቱ። እኔ በሦስቱ መካከል በሚኒባስ እየተመላለስኩ ኮምፒውተርና ፕሪንተር ስንከባከብ ኖርኩ። መጽሐፍ የማነበውም እዚያው ሚኒባስ ውስጥ ነበር፤ ረዳቶቹ ለምደውኝ «አስተማሪ፣ ደርሰናል» እያሉ ይቀሰቅሱኛል፤ ተኝቼ ሳይሆን በንባብ ተመስጬ።

ፕሪንተር እንደ ሰው በየአገሩ ሕመም አለው። ቡራዩ ላይ የዱቄት ብናኝ ወረቀት ሳቢውን ጎማ እያለሰለሰ ያንሸራትተዋል፤ ማሽኑ ወረቀቱን እየዳሰሰ ሳያነሣው ይቀራል። ሱሉልታ ብርድና እርጥበት ነው፤ ወረቀቱ በማግስቱ ጠርዙ ታጥፎ ስታገኙት የተኛ ጆሮ ይመስላል፤ ሦስት አራቱ ተጣብቀው ይገባሉ። ሰበታ የጨርቅ ብናኝ አለ፤ እንደ ሸረሪት ድር ሆዱ ውስጥ ገብቶ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ አንዲት ግራጫ መስመር ያሰምራል። ይህን ከመመሪያ አላነበብኩትም። ያስተማሩኝ ኦቦ ቱሉ ናቸው።

ኦቦ ቱሉ በቡራዩው ፋብሪካ የጥገና ኃላፊ ነበሩ። በወጣትነታቸው የጽሕፈት መኪናና የወረቀት ማባዣ ሲጠግኑ የኖሩ፣ ረጅም፣ ቀልደኛ ሰው። «አካም ቡልቴ ኢንተላ ኮ?»፣ እንዴት አደርሽ ልጄ፣ ሳይሉኝ ስለ ሥራ አያነሡም። ሥራ ሲጀምሩም ማሽኑን አይነኩም፤ ኮምፒውተሩንማ ጭራሽ ዞር ብለው አያዩትም። መጀመሪያ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው።

«መጨረሻ የወጣው ወረቀት የታለ?»

ሰው ሁሉ ያልወጣውን ወረቀት ሲያሳያቸው እሳቸው የወጣውን ይፈልጋሉ። አግኝተው ወደ መስኮት ያዞሩታል፣ ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ይከተሉታል፣ አንዳንዴ ያሸቱታል። «ማሽን አይዋሽም፤ መጨረሻ የተናገረውን ግን መስማት አለብሽ» ይሉኝ ነበር። ከዚያ ከወረቀቱ ወደ ማሽኑ፣ ከማሽኑ ወደ ገመዱ፣ ከገመዱ ወደ ሰዉ ወደ ኋላ ይሄዳሉ። ለፕሪንተር ስም ስናወጣም የማሽኑን ሞዴል እንዳልጽፍ ከለከሉኝ። «ፀሐፊዋ ሞዴል ምን ያደርግላታል? ሄዳ የምትቆምበትን ጻፊላት» አሉ። በሦስቱም ከተማ ፕሪንተሮቻችን ‹በሩ አጠገብ›፣ ‹ደረጃው ሥር›፣ ‹መጋዘን› የሚባሉት ከዚያ ወዲህ ነው።

ሰርቨሩ ከመምጣቱ በፊት ፕሪንተር የሚጋሩት በአንድ ሰው ኮምፒውተር በኩል ነበር። ያ ሰው ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ምሳ ሲሄድ የቢሮው ሁሉ ሥራ ይቆማል። በዚያ ላይ አንዱ የሌላውን ሰርዞ የራሱን ያስቀድማል፤ ጠብ በጠብ ነበር። ሰርቨር ማለት ሁሉም የሚልክበት አንድ ኮምፒውተር ነው፤ የመጣውን ተቀብሎ፣ በተራ አሰልፎ፣ ለፕሪንተሩ አንድ በአንድ ያቀብላል። ሰልፉን እኛ ወረፋ እንለዋለን። ይህን ለኦቦ ቱሉ ሳስረዳ ሳቁብኝ።

«ወፍጮ ቤት ነው በይኛ!»

በዱቄት ፋብሪካው አጥር ጥግ ለአካባቢው ሰው የምትፈጭ አንዲት አሮጌ ወፍጮ ነበረችን። ወስደው አሳዩኝ። ጆንያዎቹ ተሰልፈዋል፤ ባለቤቶቹ አንዳንዱ ገበያ ሄዷል፣ አንዳንዱ ጥላ ሥር ያወራል። እኛ ቆመን ሳለን አንድ ሰውዬ በትከሻው ትንሽ ገብስ ተሸክሞ እየሮጠ መጣ። «ሚስቴ ተገላግላለች፤ ለገንፎ ነው» አለ። ከፊት የነበረችው ሴትዮ አንድ ቃል ሳትናገር ጆንያዋን ወደ ጎን ጎተተች። ከኋላዋ ያለው ጆንያ ባለቤቱ በቦታው አልነበረም፤ ጎረቤቱ ጎተተለት። ወፍጮ ያዡ ቀና ብሎ እንኳ አላየም።

«አየሽ?» አሉኝ። «ለአራስና ለሐዘንተኛ ወረፋ የለም። ግን የሚለቀው ከፊት ያለው ነው፤ ወፍጮ ያዡ አይደለም።»

«ሰርቨር እንዲህ አያውቅም፣ ኦቦ ቱሉ። ሰርቨር ሰው አይለይም።»

«ታዲያ አስተምሪው! አንቺስ ቢሆን ዘግይተሽ አይደል የተማርሽው?»

ሳቅን። ሰርቨሩን የሠራሁት ግን በእኔ መንገድ ነው። የሰበታው የአስተዳደር ኃላፊ አቶ በለጠ «የኔ ይቅደም» ብለው ነበር፤ «ለማንም አይቀድምም፣ የመጣው በመጣበት ተራ» አልኳቸው። የራሱን ሥራ ካልሆነ ማንም የማንንም እንዳይነካ ዘጋሁት። የሰርቨሩን ክፍል ቆልፌ ቁልፉን ያዝኩ። ከሥራ ሰዓት በፊት ለሚወጣ ሠራተኛ የሚሰጠው የመውጫ ወረቀትም በዚያው በኩል ቁጥር ይዞ እንዲታተም ተደረገ፤ በእጅ የሚጻፈው እየተጭበረበረ ጨርቅ ይወጣበት ነበርና። የበሩ ጥበቃ ኦቦ ገመቹ በዚያ ሰበብ ከደሞዛቸው ተቀጥተው ያውቃሉ። የታተመው ሲመጣ «ገና አሁን እንቅልፍ ወሰደኝ» አሉኝ። ጠቡም ቆመ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ የኮራሁበት ነገር አልነበረም፤ ዛሬም ቢሆን ደንቡ ስህተት ነበር አልልም። የሚከብደኝ እሱ ነው።

ከዚያ የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ መጣ። አዲስ አበባን ከዙሪያዋ ከተሞች ጋር የሚያያይዘው ዕቅድ ገበሬውን ከመሬቱ ይነቅለዋል የሚለው ቁጣ ሦስቱንም ከተሞቻችንን ያዘ። የኦቦ ቱሉ ወንድም ሱሉልታ ላይ ያርሳሉ። «ይዝራ ወይስ ይጠብቅ አያውቅም» ይሉኝ ነበር፤ ያን ጊዜ አይቀልዱም። ዛሬ መንገድ ክፍት ነው ሲባል ነገ ድንጋይ ይደረደርበታል። የስልክ ኢንተርኔት ተቋረጠ። እኔ እንደ ወትሮዬ መጽሐፌን በቦርሳዬ ይዤ፣ መንገድ የተከፈተበት ከተማ እውላለሁ።

የዚያን ዕለት ቡራዩ ነበርኩ። ስልኬ ጮኸ። ሰበታ የሠራተኛ ጉዳይ ክፍል የምትሠራው ፀሐይ ናት።

«እትዬ ጌጤ! አይወጣም!»

«ምኑ ነው የማይወጣው? ቀስ በይ።»

«የመውጫው! አደባባዩ ጋ ጎማ እየነደደ ነው፤ ሰው ሁሉ በር ላይ ቆሟል። ሥራ አስኪያጁ መውጫ እየተሰጣቸው ይሂዱ ብሏል። ፕሪንተሩ ግን የአቶ በለጠን ነው የሚያትመው። ሪፖርት ነው መሰለኝ፣ አያልቅም እኮ!»

«ከራሳቸው ኮምፒውተር ላይ ይሰርዙት።»

«አዲስ አበባ ስብሰባ ሄደዋል። ቢሮው ተቆልፏል።»

«እሺ፣ ስሚኝ። ፕሪንተሩን እንዳታጠፉት። ብታጠፉት ሪፖርቱ ከ...»

ተቋረጠ። ደጋግሜ ደወልኩ፤ መስመሩ የለም። ኦቦ ቱሉ አጠገቤ ቆመው ነበር።

«ምን አለችሽ?»

ነገርኳቸው።

«ያጠፉታል» አሉ።

አጠፉትም። በእኛ አገር ለታመመ ማሽን የመጀመሪያው መድኃኒት «አጥፍተሽ አብሪው» ነው። ፕሪንተሩ ጠፍቶ ሲበራ ሰርቨሩ ያልተጠናቀቀውን የአቶ በለጠን ሪፖርት ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረው። እንደገና አጠፉት፤ እንደገና ከመጀመሪያው። ሁለተኛው መድኃኒት ደግሞ «ድገሚው» ነው። በኋላ ፀሐይ ራሷ እንዳጫወተችኝ ሴቶቹ ጠረጴዛዋን ከበው «የኔን ላክሽው?» ይላሉ፤ «ልኬዋለሁ!» ትላለች፤ «እስቲ ድገሚው» ይሏታል፤ ትደግመዋለች። የእያንዳንዷ መውጫ ሰርቨሩ ውስጥ እየተባዛ ከሪፖርቱ ኋላ ተሰለፈ።

በር ላይ ኦቦ ገመቹን መፈናፈኛ አሳጥተዋቸዋል።

«ኦቦ ገመቹ፣ እሳቱ ሲመጣም ወረቀት ጠይቁት እሺ!»

«እኔ ክፉ ሆኜ ነው? ባለፈው የተቀጣሁት እናንተን አስወጥቼ አይደለም ወይ?»

«ታዲያ ዛሬ ደግሞ እኛ እንቀጣልዎት!»

ቆየት ብለው ጭሱን ሲያዩ አዛውንቱ በሩን በሁለት እጃቸው ገፉት። «ወረቀት ይምጣ አይምጣ፣ ውጡ!» አሉ። ግን የሠራተኛ ሰርቪስ አውቶቡሶቹ እንዳይቃጠሉ ፈርተው ሄደው ነበር፤ መንገዱም ተዘግቷል። የቀረበው ሰው በእግሩ ቤቱ ደረሰ። ቤቱ የራቀው ግን እንደ ጫልቱ መንገድ ላይ ቀረ።

ጫልቱ የልብስ ቁልፍ ማስገቢያው ማሽን ላይ የምትሠራ ልጅ ናት። ከወሊድ ፈቃድ ገና መመለሷ ነበር። ሕፃኑን ዓለም ገና ከተማ ቤት ካከራየቻት ሴትዮ ጋር ትታ ነው የምትመጣው፤ ለማጥባት ቀደም ብላ ትወጣለች። ያን ዕለት ጠዋት፣ ነገሩ ሳይከር፣ ከሁሉ አስቀድማ መውጫዋን ያስላከች እሷ ነበረች፤ ወረቀቱ ግን ከሪፖርቱ ኋላ ቀረ። በሩ ሲከፈት ወጥታ፣ ከአስፋልቱ ወርዳ በማሳ ዳር ዳር ስትሄድ ከፊቷ ተኩስ ሰማች። አንዲት የገበሬ ሚስት ደጃፏ ላይ ቆማ «ኮቱ፣ ሴኒ!» ነይ ግቢ ብላ አስገባቻት። ነገሩ እስኪበርድ ከዚያ ቤት መውጣት አልተቻለም። ልጇ የጎረቤት ጡትና የላም ወተት እየተቀባበሉት ቆየ።

እኔ ይህን ሁሉ ሳላውቅ ከኦቦ ቱሉ ጋር ወፍጮዋ አጠገብ ተቀምጬ ስልክ እሞክራለሁ። መብራት ስለሌለ ወፍጮዋ ቆማለች፤ ጆንያዎቹ እንደተሰለፉ ናቸው።

«ደንቡ ትክክል ነበር» አልኳቸው። ሳይጠይቁኝ።

«ትክክል ነው።»

«ታዲያ ምን ጎደለው?»

ጆንያዎቹን አዩ።

«በለጠ እዚያ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ጆንያውን ይጎትት ነበር። ኩሩ ነው እንጂ ክፉ አይደለም። ባለቤቱ በሌለበት ደግሞ ጎረቤት ነው የሚጎትት። አንቺ ጠቡን ፈርተሽ ማንም የማንንም አይንካ አልሽ። ጠቡ ቀረ። ጎረቤቱም አብሮ ቀረ፣ ኢንተላ ኮ።»

ስልኩን ወደ ቦርሳዬ መለስኩ።

መንገዱ ሲከፈት ሰበታ ሄድኩ። ‹በሩ አጠገብ› የተባለው ፕሪንተር ወረቀት ጨርሶ መብራቱን ብልጭ ድርግም እያደረገ ቆሟል። እንደተማርኩት መጨረሻ የወጣውን ወረቀት ፈለግኩ። የሪፖርቱ የመካከል ገጽ ነበር፤ አንድ ሠንጠረዥ ከግማሹ ላይ ተቆርጧል። ሰርቨሩን ከፍቼ ሁሉንም መሰረዝ እችል ነበር። ምን እንደተሰለፈ በዓይኔ ማየት ስለፈለግኩ ወረቀት ሞላሁለት። ሪፖርቱ አለቀ። ከዚያ መውጫዎቹ መምጣት ጀመሩ። ተዉ የሚላቸው የለም፤ አንዱ በሌላው ላይ፣ የአንዷ ስም ሲደጋገም፣ ሰዓቱ ያለፈበት ፈቃድ።

ጫልቱ ከኋላዬ መቆሟን አላየሁም።

«አዴ ጌጤ፣ ወጣልኝ?»

ከላይ ያለውን አነሣች። የራሷ ነበር። ምክንያት በሚለው ቦታ ‹ልጅ ለማጥባት› ይላል። ረጋ ብላ አነበበችው።

«ስሜን እንኳ አልሳተም» አለች። «አሁን ልውጣበት?»

«ልጁ እንዴት ነው?» አልኳት።

«ደህና ነው። የላም ወተት ለምዷል።» ወረቀቱን መልሳ ከክምሩ ላይ አስተካክላ አስቀመጠችው። «ጡቴ ግን ደርቋል።»

ቁጣ በድምፅዋ አልነበረም። ወደ ቁልፍ ማስገቢያዋ ሄደች። እኔ ቆሜ ቀረሁ፤ ማሽኑም ወረቀቱን እስኪጨርስ ማውጣቱን አልተወም።

‹አራስ›ን የሠራሁት በዚያ ሳምንት ነው። ነገሩ ከባድ አይደለም፤ መመሪያው ውስጥ ነበር፣ አንብቤው አልፌዋለሁ። አንዱ ፕሪንተር ሁለት ስም ሊኖረው ይችላል። በአንደኛው ስም የተላከው በተራው ይሄዳል፤ በሁለተኛው የተላከው እየታተመ ያለው እንዳበቃ ከሁሉ ፊት ይገባል። ረጃጅም ሪፖርቶች መንገድ እንዳይዘጉ ሦስተኛ ስም አወጣሁላቸው፤ የሚታተሙት ሠራተኛው ከወጣ በኋላ ብቻ ነው። ባለቤቱ በሌለበት ጆንያ የሚጎትት ጎረቤት እንዲኖር ደግሞ በየክፍሉ አንድ ሰው የሌላውን ሥራ ለጊዜው እንዲያቆም ፈቃድ ሰጠሁ። የሰርቨሩ ክፍል ሁለተኛ ቁልፍ ኦቦ ገመቹ ጋ ሆነ። በ‹አራስ› ለመላክ ግን የማንም ፈቃድ አያስፈልግም አልኩ፤ ከጽዳት ሠራተኛ እስከ ሥራ አስኪያጅ ለሁሉም ክፍት።

አቶ በለጠ አልተዋጠላቸውም። «ወይዘሮ ጌጤ፣ እኔን ከልክለሽ ለሁሉ ከፈትሽው? ነገ ሁሉም በዚያ ይልካል!»

እውነቱን ለመናገር እኔም እንደዚያ ፈርቼ ነበር። ለኦቦ ቱሉ ስነግራቸው «ሚስቴ አራስ ናት ብሎ የገንፎ ገብስ የሚያስፈጭ ውሸታም አይተሽ ታውቂያለሽ?» አሉኝ። «ቢኖርስ ሚስቱን ምን ብሎ ሊያስተኛት ነው?»

አንድ ብቻ ተገኘ። ከጨርቅ ቆራጮቹ አንዱ ጎረምሳ የጓደኛውን የሠርግ ጥሪ በ‹አራስ› ላከው። ሴቶቹ ፕሪንተሩ አጠገብ ያዙት።

«እንኳን ማርያም ማረችህ! ወንድ ነው ሴት?»

«ኧረ ተዉኝ...»

«ገንፎ እናምጣልህ? ጨርቅ መቁረጥማ ይከብድሃል፣ ወገብህ አልጠናም!»

ፋብሪካውን እስኪለቅ ድረስ ስሙ አራሱ ሆኖ ቀረ። ከእሱ በኋላ ማንም አልሞከረም። ‹አራስ› ብዙውን ጊዜ ባዶ ነው፤ ሲፈን ያየችው እውነት ነው። የሚላክበት ነገር ቢመጣ የአንዷ የሆስፒታል ደብዳቤ፣ የአንዱ መርዶ የደረሰው ሰው መውጫ ነው። አቶ በለጠም አንድ ጊዜ ተጠቅመውበታል። እናታቸው ያረፉ ዕለት ነው። ፕሪንተሩ አጠገብ መጥተው ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ። ወረቀታቸው ሲወጣ ወደ እኔ አላዩም፤ ፀሐይ ግን የራሷን ሥራ አቁማላቸው እንደነበር አይቻለሁ።

ኦቦ ቱሉ ዛሬ የሉም። ወፍጮዋም በአዲስ ግንብ ተተክታለች። ዕቅዱ ቀርቷል ተባለ፤ ወንድማቸው ከመሬታቸው ገሚሱን ያርሳሉ፣ ገሚሱ በሌላ ምክንያት ሄዷል። እሱ የሌላ ሰው ጽሑፍ ነው።

ወደ ሲፈን ልመለስ። «ለምን?» ካለችኝ በኋላ ርክክቡን ፈረምን። የቀረኝ የክሊራንስ ወረቀቴን አትሜ ማስፈረም ነበር። እንደ ማንም ሰው በ‹በሩ አጠገብ› ላክሁትና ሄጄ ቆምኩ። ማሽኑ ሌላ ሥራ ይዟል፤ ረጅም የርክክብ ሰነድ። ሲፈን ተከትላኝ መጣች።

«አዴ ጌጤ፣ መሸብዎት እኮ፣ ሚኒባስ ያጣሉ። ያን ‹አራስ› የሚሉትን አይጠቀሙም እንዴ? ስክሪኑ ላይ እንዳየሁት ይቀድማል አይደል?»

«ምን ወለድኩና?»

መጀመሪያ አልገባትም፤ ከዚያ ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ፕሪንተሩ ላይ ያለውን ወረቀት አንሥታ አየችው።

«ውይ፣ ይሄ የኔ ነው!»

ምንም ሳልላት ወደ ጠረጴዛዋ ሮጣ ስክሪኑ ላይ ጎንበስ አለች። ማሽኑ አንድ ገጽ ጨርሶ ትንፋሽ እንደመውሰድ አለ። ከዚያ የኔ ወረቀት ወጣ፤ ሞቅ እንዳለ።

«የኔ ይቆያል» አለች ከዚያው ሆና። «እርስዎ ይሂዱ።»

ስለ ወፍጮ ቤቱ ገና አልነገርኳትም ነበር።